በ7ኛው ቀን የሚቆም ፅንስ፦ ብራካ1 የጎደላቸው አይጦች ጉዳይ

የአይጥ እርግዝና ከ19 እስከ 20 ቀን ገደማ ይፈጃል። በ7ኛው ቀን ተኩል ላይ የእናቲቱ ማኅፀን ሲታይ ፅንሶቹ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ በተርታ ተደርድረው ይገኛሉ። ከውጭ ሁሉም እብጠት ይመሳሰላል። ሲከፈት ግን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከአራቱ አንዱ ገደማ ጤና የለውም። ከወንድምና እህቶቹ በጣም ያንሳል። በዚህ ሰዓት መለየት የነበረባቸው የሴል ንብርብሮች አልተለዩም። አንዳንዱማ ጭራሽ እየሟሟ ነው፤ ማኅፀኑ መልሶ እየወሰደው።

ጤነኛውንና የቆመውን የሚለያቸው አንድ ጂን ብቻ ነው። እሱም ሁላችንም በሌላ ጉዳይ ስሙን የምንሰማው ነው፤ ብራካ1። የጡት ካንሰር ጂን የሚባለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይገጥምም። ብራካ1 ሲጠፋ ካንሰር ይመጣል እንላለን። ካንሰር ማለት ሴሎች ያለ ልክ መባዛታቸው ነው። ታዲያ ያው ጂን ከፅንስ ሲጠፋ ሴሎቹ መባዛት ለምን ያቆማሉ? ነገሩ ተቃራኒ መሆን ነበረበት። ደግሞስ ጡት ቀርቶ ልብ እንኳ ያላበቀለ ፅንስ በ«ጡት ካንሰር ጂን» ምን ይሠራል?

ይህ ጽሑፍ ያንን አንድ ጉዳይ ከ1996 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደረጃ በደረጃ ይከተላል። መልሱ በአንድ ጊዜ አልመጣም። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በየመሃሉም ሰው «አሁን ገባኝ» ሲል ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ብቅ ይል ነበር።

ጂኑ እንዴት እዚህ ደረሰ

ታሪኩን አሳጥሬ ልንገራችሁ። በ1990 ሜሪ ክሌር ኪንግና ባልደረቦቿ በቤተሰብ ለሚወረስ የጡት ካንሰር ተጠያቂው ጂን በሰው 17ኛ ክሮሞዞም ላይ እንዳለ አሳዩ። በ1994 ጂኑ ራሱ ተለይቶ ወጣ። ትልቅ ጂን ነው። የሚሠራው ፕሮቲን በሰው 1,863 አሚኖ አሲድ፣ በአይጥ 1,812 አሚኖ አሲድ ይረዝማል። በአይጥ የሚገኘው 11ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ጂኑ በተገኘ ማግስት ሁሉም ቤተ ሙከራ አንድ ነገር አሰበ፤ ከአይጥ ላይ እናጥፋውና የጡት ካንሰር የሚይዛት አይጥ እናግኝ። መሣሪያው ዝግጁ ነበር። ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዚስ በ2007 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ዘዴ ነው። ከአይጥ ፅንስ የተወሰዱ ግንድ ሴሎች ሳህን ላይ ይራባሉ። የተፈለገው ጂን እዚያው ይሰበራል። ሴሎቹ ገና ጥቂት ቀን በሆነው ሌላ ፅንስ ውስጥ ይወጋሉ። የሚወለደው አይጥ ከሁለት ዓይነት ሴል የተሠራ ድብልቅ ይሆናል። ከእሱ ዘር በማርባት አንድ ደህና፣ አንድ የተሰበረ ቅጂ የያዙ አይጦች ይገኛሉ።

እነዚህ ባለ አንድ ቅጂ አይጦች ምንም አልሆኑም። ይበላሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ። የመጀመሪያው ግርምት ይህ ነበር። ምክንያቱም አንድ የተሰበረ ብራካ1 የወረሰች ሴት የጡት ካንሰር አደጋዋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አይጧ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ይዛ በጤና ትኖራለች።

ቀጥሎ ባለ አንድ ቅጂ ወንድና ባለ አንድ ቅጂ ሴት ተዳቀሉ። የሜንዴል ስሌት ግልጽ ነው። ከአራት ልጅ አንዱ ሁለት ደህና ቅጂ፣ ሁለቱ አንድ አንድ፣ አንዱ ደግሞ ዜሮ ደህና ቅጂ ይኖረዋል። የተወለዱት ልጆች ዲኤንኤ ተመረመረ። የመጀመሪያው ዓይነት አለ። ሁለተኛው አለ። ሦስተኛው የለም። አንድ እንኳ አልተገኘም።

ወደ ኋላ መቁጠር

ያልተወለደ ነገር ሲኖር ሥራው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። መቼ ሞተ? ለዚህ የእርግዝናው ቀን በትክክል መታወቅ አለበት። አይጦች ሌሊት ይገናኛሉ። ጠዋት ሴቷ ስትታይ በብልቷ ደጃፍ ላይ የወንዱ ዘር ፈሳሽ ደርቆ እንደ ውታፍ ሆኖ ይገኛል። የዚያን ዕለት እኩለ ቀን «ግማሽ ቀን» ተብሎ ይመዘገባል። ለዚህ ነው ይህ መስክ ሁልጊዜ በተኩል የሚቆጥረው፤ 6 ተኩል፣ 7 ተኩል፣ 9 ተኩል። መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። በኋላ ግን ያ ግማሽ ቀን የሞትና የሕይወት ልዩነት ሆኖ ይገኛል።

በቶሮንቶ የታክ ማክ ቡድን በ1996 ያወጣው ሥራ የጉዳያችን ዋና ሰነድ ነው። ከብራካ1 ላይ 5ኛውንና 6ኛውን ኤክሶን አወጡ። ኤክሶን ማለት ጂኑ ውስጥ ፕሮቲኑን የሚጽፈው ቁራጭ ነው። ከዚያ ፅንሶቹን በየቀኑ እያወጡ አዩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ችግር የለም። ዕንቁላሉ ይከፈላል፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ይሆናል፤ ኳስ ይሠራል፤ ማኅፀን ላይ ይለጠፋል። በ6ኛው ቀን ተኩል ግን ብራካ1 የሌላቸው ትንሽ ሆነው ቀርተዋል። ከ7ኛው ቀን ተኩል በፊት ሁሉም አብቅቶላቸዋል። ሜሶደርም የሚባለው፣ ደም፣ ልብና ጡንቻ የሚወጡበት መካከለኛው ንብርብር፣ ጭራሽ አልተሠራም።

ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሴሎቹ ዲኤንኤያቸው ተበጣጥሶ ራሳቸውን አጠፉ የሚለውን ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሴሎችን ፈለጉ። ከጤነኛው ፅንስ የበለጠ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው። ሴሎቹ አዲስ ዲኤንኤ መገልበጥ ቀንሰዋል። ማለትም አልሞቱም፤ መባዛት ነው ያቆሙት። ፅንሱን ገና ሳይለጠፍ አውጥተው ሳህን ላይ ሲያሳድጉትም ያው ሆነ። ፅንሱ ራሱ የሚሠራበት የውስጠኛው ሴል ክምር ማደግ አቃተው።

ለምን እንዳቆሙ ፍንጭ የሰጡት ሁለት ሌሎች ጂኖች ናቸው። ፒ21 የተባለው በጣም ጨምሯል። ኤምዲኤም2 የተባለው ቀንሷል። ፒ21 የሴል ክፍፍል ፍሬን ነው፤ ሲበዛ ሴሉ ይቆማል። ኤምዲኤም2 ደግሞ ፒ53ን እየያዘ የሚያስወግድ ነው። ፒ53 የሚለው ስም እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ዲኤንኤ ሲጎዳ ሴሉን አስቁም ወይም አጥፋ ብሎ የሚያዝ ዘበኛ ነው። ፒ21ን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ዘበኛው ዞረ።

ለምን በ7ኛው ቀን?

እኔን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። ብራካ1 ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የለም። ለምን በ3ኛው ቀን አልሞቱም? ለምን እስከ 15ኛው ቀን አልቆዩም?

መልሱ ፍጥነት ነው። የአይጥ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘገምተኛ ነው። አንድ ክፍፍል ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ማኅፀን ላይ ከተለጠፈ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤፒብላስት የሚባለው፣ የፅንሱ አካል በሙሉ የሚወጣበት የሴል ንጣፍ፣ በ5ኛው ቀን ተኩል 120 ገደማ ሴል አለው። በ6ኛው ቀን ተኩል 660 ገደማ ይሆናል። በ7ኛው ቀን ተኩል ከ14,000 ይበልጣል። ቁጥሩን ቆም ብላችሁ እዩት። በአንድ ቀን ከ20 እጥፍ በላይ ነው። በአማካይ በየአምስትና ስድስት ሰዓቱ አንድ ክፍፍል ማለት ነው፤ አንዳንዱ ሥፍራ ላይ ከዚያም ይፈጥናል። ሳህን ላይ የሚያድግ ተራ የሰውነት ሴል አንድ ጊዜ ለመከፈል አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል።

በእያንዳንዱ ክፍፍል ደግሞ 2.7 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ያለው የአይጥ ዲኤንኤ በሙሉ ይገለበጣል። በዚህ ጥድፊያ መሃል የሚገለብጠው ማሽን ይደናቀፋል፣ ይቆማል፣ አንዳንዴም ክሩ ይበጠሳል። ጨረር መምታት አያስፈልገውም፤ መርዝ መቅመስም አያስፈልገውም። መገልበጡ ብቻውን ይበቃል።

ዲኤንኤ ሁለት ክር ነው። አንዱ ብቻ ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሱ ግን ክሮሞዞሙ ለሁለት ይለያል። ሴሉ ይህን የሚጠግንበት ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንደኛው ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ መለጠፍ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን መሃል ላይ ጥቂት ፊደል ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛው የተቀደደ ገጽን ከሌላ ቅጂ አይቶ እንደመሙላት ነው። ዲኤንኤው አሁን ስለተገለበጠ አጠገቡ እህት ቅጂ አለ። ከእሷ እያዩ የጎደለውን መጻፍ ነው።

ብራካ1 የሚሠራው በሁለተኛው መንገድ ላይ ነው። የተበጠሰው ጫፍ ተቦርቡሮ ነጠላ ክር እንዲወጣ ያግዛል። ከዚያ ብራካ2 የሚባል ሌላ የጥገና ፕሮቲን ራድ51 የተባለውን ፕሮቲን አምጥቶ ነጠላውን ክር ያለብሰዋል። ራድ51 ደግሞ እህት ቅጂዋን ፈልጎ ያገኛታል። በየአምስት ሰዓቱ የሚከፈል ሴል ጊዜውን የሚያጠፋው በአብዛኛው ዲኤንኤ በመገልበጥ ነው። ስለዚህ የሚደርስበት ስብራትም፣ የሚጠግንበት መንገድም ከግልበጣው ጋር የተያያዘ ነው። ብራካ1ን በዚያ ሰዓት መንጠቅ በሩጫው እኩሌታ ላይ ጫማን እንደማውለቅ ነው።

ሁለተኛ ምክንያትም አለ። የዚህ ዕድሜ ፅንስ ለስብራት ትዕግሥት የለውም። በ2000 የወጣ ጥናት ጤነኛ ፅንሶችን በዚሁ ሰዓት፣ ንብርብሮቹ በሚለዩበት ጋስትሩሌሽን በሚባለው ምዕራፍ ላይ፣ በዝቅተኛ መጠን ጨረር መታ። የኤፒብላስት ሴሎቹ ቆም ብለው እስኪጠግኑ አልጠበቁም። በፒ53 ትእዛዝ ራሳቸውን አጠፉ። አጠገባቸው ያሉት የእንግዴ ልጅ ዘር የሆኑት ሴሎች ግን ያንኑ ጨረር ተመተው ምንም አልሆኑም። ነገሩ ያስኬዳል። ከእነዚህ ጥቂት መቶ ሴሎች አካል በሙሉ ይወጣል፤ የዘር ሴሎችም ጭምር። አንድ የተበላሸ ሴል እዚህ ላይ ካለፈ ብልሽቱ ከሰውነቱ ስንቱ ቦታ እንደሚደርስ አስቡት።

ዘበኛው ቢነሳስ?

ጥርጣሬው ዘበኛው ላይ ከሆነ ፈተናው ግልጽ ነው። ዘበኛውንም አንሳው። በ1997 ያው የቶሮንቶ ቡድን ብራካ1ም ፒ53ም የሌላቸውን ፅንሶች አራባ። ውጤቱ፦ ፅንሶቹ 7ኛውን ቀን ተኩል አለፉ። እስከ 9ኛው ቀን ተኩል ገደማ ደረሱ። ፒ21ን ማንሳትም ተመሳሳይ ዕድሜ ጨመረላቸው።

ሁለት ቀን ለእኛ ምንም አይደለም። ለአይጥ ፅንስ ግን ብዙ ነው። ሜሶደርም ያልነበረው ፅንስ ንብርብሮቹን ለየ። አካል መያዝ ጀመረ። ስለዚህ በ7ኛው ቀን የገደለው ስብራቱ በቀጥታ አልነበረም። ስብራቱን አይቶ «ቁም» ያለው ዘበኛ ነበር። የመጀመሪያው እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ይፈታል። ብራካ1 መጥፋቱ ለሴሉ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል። ጤነኛ ዘበኛ ካለ ሴሉ ይቆማል፤ ይህ ፅንሱ ነው። ዘበኛው ከሌለ ሴሉ ስብራቱን ተሸክሞ ይባዛል፤ ይህ ካንሰሩ ነው። ብራካ1 በጠፋባቸው የጡት ካንሰሮች ውስጥ ፒ53ም አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቶ የሚገኘው ያለ ነገር አይደለም።

ግን ልብ በሉ፤ በ9ኛው ቀን ሞቱ። ዘበኛውን ማንሳት አላዳናቸውም። ስብራቱ አልተጠገነማ። የፖሊስ ኬላውን አልፈህ ፍሬን በሌለው መኪና መንዳት ነው፤ ትንሽ ትሄዳለህ እንጂ አትደርስም። በጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ «ፒ53 ሲጠፋ ፅንሱ ዳነ» ተብሎ ይነበባል። አልዳነም፤ ሞቱ ዘገየ እንጂ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሌላ ነገር አዩ

እዚህ ላይ ጉዳዩ ተወሳሰበ። በዚያው በ1996 ሌላ ቡድን፣ በሰሜን ካሮላይና የቤቨርሊ ኮለር ቤተ ሙከራ፣ ብራካ1ን አጥፍቶ ፅንሶቹ እስከ 10ኛውና 13ኛው ቀን ድረስ እንደቆዩ ዘገበ። ችግራቸውም አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ላይ ነበር። ሦስተኛ ቡድን ደግሞ ፅንሶቹ ከተለጠፉ ብዙም ሳይቆዩ ሲበላሹ አየ። አንድ ጂን፣ ሦስት የሞት ቀን። አንባቢ «እነዚህ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ጂን «ጠፋ» ስንል ሁልጊዜ አንድ ነገር ማለታችን አይደለም። ብራካ1 ውስጥ 11ኛው ኤክሶን ግዙፍ ነው፤ ከፕሮቲኑ 60 በመቶ ገደማ የሚጽፈው እሱ ብቻውን ነው። አንዳንዱ ቡድን የቆረጠው ከዚያ ነበር። ሴሉ ግን ብልህ ነው። 11ኛውን ኤክሶን ዘሎ የቀሩትን መጋጠም ይችላል፤ ጤነኛ ሴሎችም አልፎ አልፎ ያደርጉታል። የሚወጣው አጭር ፕሮቲን ሁለቱ ጫፎቹ አሉት፤ መሃሉ የለም። ያ አጭር ፕሮቲን እንደ ሙሉው አይሠራም። ግን ከምንም ይሻላል። ስለዚህ የሞት ቀኑ ሲለያይ እየለካን የነበረው ጂኑ ምን ያህል እንደቀረ ነው። የአይጦቹ ዝርያም የራሱን ድርሻ ይጨምራል።

ይህ አጭር ፕሮቲን በኋላ የጉዳዩ ዋና ተዋናይ ሆነ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የቹ ሺያ ዴንግ ቡድን 11ኛው ኤክሶን ብቻ የጎደላቸውን አይጦች አራባ። ፅንሶቹ እስከ እርግዝናው መጨረሻ አካባቢ ቆይተው ሞቱ። በዚህ ጊዜ ግን ሴሎች በገፍ ራሳቸውን ሲያጠፉ ታየ። ዘበኛው ያው ነው፤ የሚሰጠው ትእዛዝ በዕድሜው ተለወጠ።

በ2001 ያወጡት ውጤት ግን ሁሉንም አስደነገጠ። ከሁለቱ የፒ53 ቅጂዎች አንዱን ብቻ ሲያነሱ ፅንሶቹ ተወለዱ። ሁለት ቀን ማራዘም አይደለም፤ ተወለዱ፣ አደጉ። ሙሉ በሙሉ ብራካ1 የሌለው ፅንስ ሁለቱም የፒ53 ቅጂዎች ተነስተውለት እንኳ በ9ኛው ቀን ሞቷል። ይሄኛው አጭሯን ፕሮቲን ስለያዘ የዘበኛው ግማሽ ዝምታ በቃው።

ዋጋውን ግን ከፈሉ። ወንዶቹ መካን ሆኑ። ሴቶቹ አብዛኞቹ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ የጡት ካንሰር ያዛቸው። ካንሰሩ ሲመረመር የቀረችዋ አንዲት ደህና የፒ53 ቅጂም ጠፍታለች። ፅንሱን በሕይወት ያቆየው መላላት ከዓመት በኋላ አይጧን ገደላት። በ1996 ሁሉም የፈለጋት የጡት ካንሰር የሚይዛት አይጥ በዚህ ጠማማ መንገድ ተገኘች።

ከዘበኛው ሌላ መንገድ

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ «ስብራት አለ፣ ዘበኛው ይፈርዳል» የሚል ነበር። በ2009ና በ2010 የወጡ ሥራዎች ነገሩን ከሌላ ወገን ከፈቱት። 53ቢፒ1 የሚባል ፕሮቲን አለ። የተበጠሰ ዲኤንኤ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ጫፉ እንዳይቦረቦር ይጠብቃል። ማለትም ሴሉን ወደ አንደኛው መንገድ፣ ወደ መለጠፉ ይገፋዋል። የብራካ1 አንዱ ትልቅ ሥራ ይህን ጠባቂ ገለል ማድረግ ነው።

እንግዲህ ብራካ1 ከተዳከመ ጠባቂው አይነሳም። ጫፉ አይቦረቦርም፤ እህት ቅጂዋን ማየት አይቻልም። ሴሉ ያለው አማራጭ መለጠፍ ብቻ ነው። ስብራቱ ብዙ ሲሆን ደግሞ የማይገናኙ ክሮሞዞሞች ጫፍ እርስ በርስ ይለጠፋሉ። ክሮሞዞሞቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ተጣብቀው፣ አራት ክንድ ያለው ሸረሪት መስለው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

ተመራማሪዎቹ 11ኛው ኤክሶን በጎደላቸው አይጦች ላይ 53ቢፒ1ን አጠፉ። ፒ53ን አልነኩም። ዘበኛው ሙሉ ነው። ፅንሶቹ ግን ተወለዱ። ካንሰርም አልበዛባቸውም። ዲኤንኤያቸው ከእህት ቅጂ እያየ መጠገን ጀመረ። ይህ ከ2001ዱ በጣም ይለያል። ያኔ ዘበኛው ዝም እንዲል ተደረገ፤ ወንጀሉ ግን ቀጠለ። አሁን ወንጀሉ ራሱ ቆመ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ሙከራ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ፅንሱን የገደለው የብራካ1 አለመኖር ብቻ አልነበረም። በብራካ1 ቦታ ላይ ሌላ ጤነኛ ፕሮቲን ሥራውን አለቅጥ መሥራቱም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲኖሩ ይመዛዘናሉ። አንዱ ሲጎድል ሌላው መርዝ ይሆናል።

ለብራካ2 ግን ይህ መላ አልሠራም። 53ቢፒ1ን ማንሳት ብራካ2 የሌለውን ሴል አያድነውም። ይህም ይገባል። ብራካ2 የሚመጣው ጫፉ ከተቦረቦረ በኋላ ነው። በሩን ብትከፍትለት ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ የለም።

ይህ ነገር የሐኪም ቤት ወሬም ሆኗል። ኦላፓሪብን የመሳሰሉ፣ ፓርፕ የተባለውን የጥገና ኢንዛይም የሚያግዱ መድኃኒቶች ብራካ1 የጠፋበትን ካንሰር የሚገድሉት ከእህት ቅጂ አይቶ መጠገን ስለማይችል ነው። ካንሰሩ በመሃል 53ቢፒ1ን ከጣለ ግን ጥገናው ይመለስለታል፤ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ፅንሱን ያዳነው ዘዴ ለዕጢውም ይሠራል።

ሁሉም የጥገና ጂን እንዲህ ነው?

አይደለም፤ ማነጻጸሩም ጠቃሚ ነው። ራድ51 ሲጠፋ ፅንሱ በዚያው ዕድሜ አካባቢ ይቆማል፤ ፒ53 ሲነሳለት ትንሽ ይገፋል። ያው መንገድ፣ ያው ዕጣ። የመለጠፊያው መንገድ ጂን የሆነው ሊጌዝ 4 ሲጠፋ ግን ፅንሱ 7ኛውን ቀን በሰላም ያልፋል። የሚሞተው ዘግይቶ ነው፤ አንጎሉ ውስጥ መከፈል ያቆሙ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች በገፍ እያለቁ። የማይከፈል ሴል እህት ቅጂ የለውም፤ መለጠፍ ብቻ ነው ያለው። እሱንም ፒ53ን ማንሳት ከሞት ያወጣዋል።

የፀሐይ ጨረር የሚያደርሰውን ጉዳት የሚጠግነው ኤክስፒኤ የጎደላቸው አይጦች ደግሞ ደህና ሆነው ይወለዳሉ። ማኅፀን ውስጥ ፀሐይ የለም። ችግራቸው የሚጀምረው ቆዳቸው ብርሃን ሲያገኘው ነው።

ወደ ሰው ስንመለስ

ለረጅም ጊዜ ሁለቱም የብራካ1 ቅጂዎቹ የተበላሹበት ሰው አይገኝም ነበር። ምክንያቱን ከአይጦቹ መገመት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ፅንስ ወደ መወለድ አይደርስም። ከ2012 ወዲህ ግን ጥቂት ሰዎች ታወቁ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባለውን በሽታ የሚመስሉ ምልክቶች አሉባቸው። መጀመሪያ የተገኙት ቢያንስ አንዱ ቅጂያቸው ግማሽ ሥራ የሚሠራ ነበር።

ከዚያ ሁለቱም ቅጂዎቻቸው ፕሮቲኑን መሃል ላይ የሚያቋርጥ ስህተት የያዙ ሰዎች ተገኙ። በወረቀት ላይ ሲታይ ብራካ1 የላቸውም። እንዴት ተወለዱ? በ2018 የሜሪ ክሌር ኪንግ ቡድን የተሳተፈበት ጥናት መልሱን አወጣ። ስህተታቸው የተቀመጠው 11ኛው ኤክሶን ውስጥ ነው። ሴሎቻቸው የዚያን ኤክሶን አብዛኛውን ክፍል እየዘለሉ፣ ስህተቱንም አብረው እየጣሉ፣ መሃሉ የጎደለ አጭር ፕሮቲን ይሠራሉ፤ የዴንግን አይጦች እስከ እርግዝናው መጨረሻ ያደረሰቻቸውን የመሰለች።